ቤቱ እስኪያልቅ

እኔ ቲጃኒ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ መርካቶ አንድ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሰው ሱሪ ሳሳጥርና ሳጠብብ ነው ፀጉሬ የሸበተው። በከተማው ማን እንደከሳ፣ ማን እንደወፈረ፣ ማን ደግሞ «ጨርቁ ነው የጠበበው» እያለ እንደሚሟገት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚህ ሙያዬ አንድ ክፉ አመል ተርፎኛል፤ የማይመለከተኝን ሁሉ በዓይኔ እለካለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ እጅጌውን አያለሁ። ሰርግ ተጠርቼ የሙሽራው ኮት ከትከሻው ሰፋ ብዬ ከጎኔ ለተቀመጠው አወራለሁ፤ አንድ ጊዜማ ከጎኔ የተቀመጠው ኮቱን የሰፋው ሰው ሆኖ አረፈው። ባለቤቴ ፋሪዳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ፊትም አለው እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ፊት ማየት አልችልበትም።

የምንኖርበትን ቤት የሠራው አባቴ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ እንደ ድሮ ቤቶች ሁሉ ተወጥሮ የተቸነከረ አቡጀዲ ነበር። ዝናብ በገባ ቁጥር አቡጀዲው ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ይወጣል። ቤቱን ማደስ እንዳለብኝ ሁልጊዜ አውቅ ነበር፤ ሁልጊዜም «ከረመዳን በኋላ» እል ነበር። የትኛው ረመዳን እንደሆነ ግን ተናግሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ያስጀመረኝ የልጄ ነገር ነው። ማሂራ የመጨረሻ ልጄ ናት። ወንድሞቿ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ጅዳ ሄደው ቤት ውስጥ የቀረችልን እሷ ብቻ ነበረች። ፋርማሲ ትሠራለች። ማታ ከሥራ ስትገባ ገና ከበሩ፣ «አባ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሆድ ለካህ?» ትለኛለች፤ እኔም ስም እየቀየርኩ እነግራታለሁ። ሌላ የማወራው ሰው የለኝም ማለቴ አይደለም፤ እንደሷ የሚስቅልኝ ግን የለም።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ሸኩር ሱቄ መጣ። ሸኩር ቡና ነጋዴ ነው፤ ሰቃ ይመላለሳል። እዚያ የታወቁ ሰዎች፣ ፋሂም የሚባል ልጃቸው ማሂራን ስለፈለገ ሽማግሌ ሊልኩ እንዳሰቡ ነገረኝ። ልጅቷም ልጁን ታውቀዋለች፣ ትፈልገዋለችም አለኝ። ለካ ፋሪዳም ቀድማ ታውቅ ኖሯል። በገዛ ቤቴ ወሬ እኔ ጋ የሚደርሰው ከሰው ሁሉ ኋላ ነው።

እንግዲህ አባት ነኝና ስለ ልጁ አጠያየቅኩ። ምን ይሠራል አልኩ፤ መምህር ነው አሉኝ። ይቅማል ወይ አልኩ፤ አይቅምም አሉኝ። ይሰግዳል ወይ አልኩ፤ መስጊድ ከአባቱ ቀድሞ ነው የሚገኘው አሉኝ። እንከን ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ መልስ በሽታ ነው። አንድ ቀን በሱቄ ደጅ ሲያልፍ አሳዩኝና ሱሪውን አየሁት፤ ልኩ ነበር።

ሰቃ ሩቅ ሆኖም አይደለም። ሚኒባሱ ይሙላ እንጂ እዚህ የጠጡት ሻይ ከሆድ ሳይወርድ የሚደረስበት አገር ነው። እኔ ግን ባሕር ማዶ የምትሄድብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። አልሰጥም ለማለት ምክንያት አልነበረኝም። ትናፍቀኛለች ማለት ደግሞ በእኛ ቤት የወንድ ምክንያት ሆኖ አያውቅም፤ አባቴም እህቶቼን ሲድር ስለ ቡና ዋጋ ሲያወራ ነው የዋለው። ስለዚህ ቀና ብዬ አቡጀዲውን አየሁና፣ በዚህ ቤት የሰው አማች አላስገባም፣ ቤቱ ይታደስና ይምጡ አልኩ። ሸኩር ትልቅ ሐሳብ ነው አለ። የሰቃ ሰዎችም፣ ለልጁ እንዲህ የሚጨነቅ አባት ተባረክ ብለው ላኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ደጅ ነው የሚቆመው። የሚናገረውን ቆሞ ይናገራል፤ የሴቷ ወገንም «ዘመድ እንጠይቅ፣ ሂዱና ተመለሱ» ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን ግቡ አይባልም። ግቡ ተብሎ ሽማግሌ ደፉን ከተሻገረ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። የተከበረች ልጅ ሽማግሌ ታመላልሳለች፤ የሸኩር ልጅ ፈድሊያ አራት ጊዜ አመላልሳ ነው የተሰጠችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይወራላታል። ታዲያ ደጅ ለሚቆም ሽማግሌ የቤት ውስጥ ማደስ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

ቤቱ እስኪያልቅ ልጄ አትሄድም። ቤቱ የሚያልቀው ደግሞ እኔ አለቀ ስል ነው። ይህን ሒሳብ ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም ብዬ በደስታ ሥራ ጀመርኩ።

ሠራተኛው ሚሊዮን ይባላል። ከሆሳዕና መጥቶ ጅማ የቀረ፣ ልስኑንም ቀለሙንም አንድ ላይ የሚሠራ፣ አፉ የማይጠገብ ሰው ነው። መጀመሪያ አቡጀዲው ይውረድ አለ። በቀስታ፣ ከዳር ዳሩ ሚስማሩን እየነቀልን እናወርደዋለን ብሎ መሰላል ሊያመጣ ወጣ። ጨርቅ እንዴት እንደሚወርድ ለእኔ ለልብስ ሰፊው ይነገረኛል? ወንበር ላይ ወጥቼ መሐሉን ይዤ ጎተትኩት። አባቴ ቤቱን ከሠራ ጀምሮ የተጠራቀመው አቧራ፣ የአይጥ ጎጆና የቡና ገለባ አንድ ላይ ወረደ። አባቴ ጣሪያው ሥር ቡና ያስቀምጥ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እኔ ዘልዬ ከዳር ስለቆምኩ ብዙም አልነካኝ። ሸኩር ግን ሥራው እንዴት ነው ብሎ ሊጠይቅ በዚያው ቅጽበት በበሩ ገብቶ ነበር። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ የገባው ሰው የሞተ አይጥ ትከሻው ላይ ይዞ ወጣ። ለሳምንት አላናገረኝም፤ ከሰቃ የመጣ መልእክት ካለም አላደረሰልኝም። በዚህ በኩል ጉዳቱ ያን ያህል አልነበረም።

ቀጥሎ ግድግዳው መጣ። ሜትሬን አወጣሁና ለካሁት፤ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ሆኖ አገኘሁት። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሁሉ እንዲሁ ነው፣ በልስን አቻችለን እናሳምረዋለን አለ ሚሊዮን። እኔ ግን ከላይ ይጥበብ አልኩ።

«ጋሼ ቲጃኒ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ እንጂ ወገብ አይደለም» አለኝ።

አልሰማሁትም። አስፈረስኩት። እንዳፈረስነው ዝናብ ገባ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጀመረ ማለት ተቀመጠ ማለት ነው። ጭቃ የማይደርቅበት ወራት ሆኖ በግድግዳችን ፋንታ ሸራ ዘርግተን ከረምን። ነፋስ ሲነሳ ሸራው ይገለጥና ምሳ ስንበላ ከመንገደኛ ጋር ሰላም እንባባላለን። አንዳንዱ ቆሞ ወጡን ያደንቃል። የጎረቤት ዶሮዎች በአንድ በኩል ገብተው በሌላው መውጣት ለመዱ። ፋሪዳ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጎዳና አወጣኸኝ እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እላለሁ። ተረት መተረት ግድግዳ ከመሥራት ይቀላል።

ማሂራ ምንም አትልም ነበር። ጠዋት ተነስታ አቧራውን ትጠርጋለች፤ ሥራ ደርሳ ጥቁር ሂጃቧን ስታራግፍ ነጭ ይቦንናል። የሥራ ጓደኞቿ ዳቦ ጋጋሪዋ አሏት። እሷም እየሳቀች ነገረችን፤ መሳቋን ብቻ አይቼ እኔም ሳቅኩ። ሸኩር ታርቆኝ የሰቃ ሰዎች መቼ እንምጣ እያሉ ነው ባለ ቁጥር፣ ቤቱ ይለቅ እላለሁ። እሷም ሳህኑን አንስታ ትወጣለች። ድካም ነው እል ነበር።

በጋ ገባ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ጂፕሰም ኮርኒስ ተሠራ። መሐሉ ላይ አበባ አለው፤ ዙሪያውን ደግሞ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት አስገባንበት። እንግዲህ የቀረ ቀለም ብቻ ነው። ሰው ሁሉ አበቃ ብሎ ተነፈሰ። እኔ ግን ቀለም እንዴት ያለ ሰፊ ሜዳ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። መጀመሪያ ነጭ አልኩ፤ ተቀብቶ ሲያልቅ ሆስፒታል መሰለ አልኩ። አረንጓዴ ይሁን አልኩ፤ ሲቀባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነብኝ። ከዚያ ሚሊዮንን ሻይ ቤት ወስጄ ማኪያቶ አዘዝኩለትና፣ ከላይ ሳይሆን ሲማሰል የሚመጣውን ቀለም ነው የምፈልገው አልኩት። ሚሊዮንም ቀለሙን ብዙ ቀን በጠበጠ። እየቀባ ባሳየኝ ቁጥር፣ ቡናው በዛ፣ ወተቱ በዛ እላለሁ። ግድግዳዬ እየተጣፈ ጉልበቱ ያለቀ የተማሪ ሱሪ ሆነ። አንድ ቀን ማሂራ አጠገቤ ቆማ ጥፍጥፉን አየችውና፣ አባ፣ ከነዚህ ሁሉ አንዱም ደስ አይልህም ወይ አለችኝ። ለቤቱ ተጨንቃ መስሎኝ፣ አይዞሽ፣ አልቸኩልም አልኳት።

ይህን ሁሉ ያበላሸው የደዶ ለቅሶ ነው። የእናቴ ወገን የሆኑ አዛውንት ሞተው ደዶ ሄድኩና ለማጽናናት ሰነበትኩ። ስመለስ ቤቴን አላወቅኩትም። ፋሪዳ ሚሊዮንን ጠርታ፣ ካሉህ ቀለሞች ደስ ያለህን ቀባና ጨርስ፣ እሱ ሳይመለስ ጨርስ ብላዋለች። ግድግዳው ተቀብቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ምንጣፉና መከዳው ዙሪያውን ተነጥፏል። ጮህኩ። ማን አዘዛችሁ አልኩ። ፋሪዳ ለሸኩር ቀድማ መልእክት ልካ ስለነበር፣ የሰቃ ሰዎች ለመጪው እሑድ ተቀጥረዋል።

ተናድጄ ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆየሁና ዙሪያዬን አየሁ። ቀለሙ ትክክል ማኪያቶ ነበር። ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። መብራቱን ሳበራው ኮርኒሱ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወርቃማ ሆነ። ሰው ነኝና ንዴቴ በረደ። ለምን እዋሻለሁ፤ ቤቱን ወደድኩት። በማግስቱ ሱቄ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሱሪውን እየለካሁ ስለ ኮርኒሴ ነገርኩት።

የቀረኝ ተስፋ ማመላለሱ ነበር። ከሸኩር ጋር ተማከርን። መልስ የሚሰጠው እሱ እንዲሆን፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ ዝም እንድል ተስማማን። መጀመሪያ ዘመድ እንጠይቅ፤ ቀጥሎ ወንድሞቿ ሩቅ ናቸው፣ ይደወልላቸው፤ ቀጥሎ ክረምቱ ይውጣ። ፈድሊያ አራት ጊዜ ካመላለሰች የእኔ ልጅ አምስት ታመላልሳለች አልኩ በልቤ። ሸኩር ዝምታዬን ስለሚጠራጠር ደጋግሞ አስማለኝ።

እሑድ ጠዋት መጡ። ፊት ፊት ሐጂ ሳዲቅ ነበሩ፤ በሰቃ የተከበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው። ሌሎቹ ዱላቸውን ይዘው ከኋላቸው ተሰልፈዋል። ዝናቡ ካፊያ ነበር። ጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተው ቆሙ፤ እኛም በረንዳው ላይ ቆምን። ሐጂ ሳዲቅ ዱዓ አደረጉና የመጡበትን ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ሸኩር ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ዘመድ ብዛት ጀመረ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታሰበው ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ኢስሃቅ የሚባሉ ናቸው፤ አባቴን ያውቁት ነበር። ሸኩር ሲናገር እሳቸው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አሻግረው ያያሉ። ከጎናቸው ላለው በኦሮምኛ፣ ይህ የዱሮው አቡጀዲ የነበረበት ቤት ነው ወይ፣ መሻአላህ፣ ኮርኒሱ ምን ሆኖ ነው አሉት። ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዓመት ሙሉ ያለ እርግማን ስለ ኮርኒሴ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከደጅ ሆነው አበባውን ማየት አይችሉም፤ መብራቱ እንደሚቀያየርማ ጨርሶ አያውቁም። ሸኩር እግሬን ረገጠኝ። በስህተት መስሎኝ ቦታ ለቀቅኩለት።

«ከዚያ ሆነው ምኑ ይታያል» አልኳቸው። «ሴና፣ ሴና፤ ዝናብ ነው፣ ግቡና እዩት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሸኩር ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ሳዲቅ ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በቢስሚላህ ደፉን ተሻገሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ቀድሜ ገብቼ ማብሪያውን ይዣለሁ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ሳዲቅ መከዳው ላይ ሲቀመጡ። «እኛ ብዙ እንመላለሳለን ብለን ስንቅ ይዘን ነበር። አላህ ያክብርህ።»

ያን ጊዜ ነው ያደረግኩትን ያወቅኩት። እጅ ሁሉ ለፋቲሃ ተዘረጋ። እኔም አንድ እጄን ዘረጋሁ፤ ሌላው ማብሪያው ላይ ነበር። ፋቲሃው ተቀርቶ አሚን ሲባል፣ እንግዲህ የመጣው ይምጣ ብዬ ተጫንኩት። መብራት ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ልጄን ወሰዱ፣ ኮርኒሱን ግን በደንብ አላዩትም።

ሲሄዱ ሸኩር ጃንጥላውን አንስቶ፣ የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል፣ አንተ የምትለቅመውም የለህ ብሎኝ ወጣ። ፋሪዳ እንኳን ደስ ያለን ልትለኝ ፈልጋ ሳቋ አላስችል አላት። እኔ ማሂራን ፍለጋ ጓሮ ሄድኩ። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። አንድ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከበሩ ጀምሬ ላወራት ስል አልዞረችም።

«አባ» አለችኝ፤ «እንዲህ ቸኩለህ ነበር?»

ቀልዱ ጠፋብኝ።

«ፈድሊያን አባቷ አራት ጊዜ ነው ያመላለሰላት። እኔን ግን ካፊያው እስኪያባራ እንኳን አልጠበቅክም። ሰቃ ስገባ ምን ይሉኛል? አባቷ ገላገላችሁኝ ብሎ በእጁ ጎትቶ አስገባን ነው የሚሉት።»

ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ይህን ፊት ዓመት ሙሉ እንዳላየሁት ያን ጊዜ ገባኝ። በአጠገቤ ስታልፍ አቧራውን ነበር የማየው።

«እንዳትሄጂ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ሁሉም። ግድግዳውን ያስፈረስኩት፣ ነጩን ያስጠፋሁት፣ አረንጓዴውን ያስጠፋሁት። ቤቱ ካላለቀ አይመጡም፣ ካልመጡ አትሄጂም ብዬ ነው። ትናፍቂኛለሽ፣ ማሂራ። ዛሬም አምስት ጊዜ ላመላልሳቸው ነበር። ይሄ ኮርኒስ ነው ጉድ የሠራኝ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ አበሰች፤ አብሳም እንደገና አበሰች።

«እኔ እኮ ፋሂምን የጠላኸው መስሎኝ ነው» አለች። «ቀለም ባስቀየርክ ቁጥር፣ አባቴ ፊት ለፊት እምቢ ማለት አቅቶት ነው እል ነበር። አንተን ቅር ብሎህ ከምሄድ ልተወው ብዬ ወስኜ ነበር። ሄጄ ልነግረው ስል ነው እማ ቤቱን ያስጨረሰችው።»

ምን ይባላል። እኔ ልጄ እንዳትሄድብኝ ግድግዳ ሳፈርስ፣ እሷ ለኔ ብላ ትዳሯን ልታፈርስ ነበር። እየሳቅኩ ያሳለፍኩት ዓመት ለእሷ እንዲያ ያለ ዓመት ነበር። አጠገቧ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዓመት ሙሉ አቧራ ከምታበላን» አለችኝ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ «ይህችን አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

  ክንዴን ያዘች፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ እኔ እንጃ፣ ሁለቱም ነበረበት።

«ድገመው» አለችኝ።

«ትናፍቂኛለሽ» አልኳት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የመጀመሪያው ሳላስበው ነው የወጣው።